በግራ የዞረው ክዳን

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ዓመት አለፈው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ፊቴ በእፍረት ይግላል፣ ወዲያው ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ሰው አይቶኝ "ምን አገኘህ?" ሲለኝ ታሪኩ ስለሚረዝም "ምንም" ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ ግን በርዝመቱ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የምኖረው ላሊበላ ነው። ሥራዬ በአንድ አነስ ያለ ሆቴል እንግዳ መቀበል ነው። ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ስም እመዘግባለሁ፣ "እንኳን ደህና መጡ" እላለሁ። ችግሩ፣ "እንኳን ደህና መጡ" የሚባል ሰው ከጠፋ ሰነባብቷል። በደጉ ጊዜ ለገና ሰው ክፍል አጥቶ ደጃችን ላይ የሚለምነን ሆቴል፣ አሁን በሳምንት ሁለት እንግዳ ካየ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ስለሆኑ አላሰናበቱንም። እኔና ዘበኛችን አያ ሞላ በር በሩን እያየን እንውላለን።

ሥራ መፍታት ሰውን እንዲህ እንደሚያበላሽ አላውቅም ነበር። ጠዋት ስልኬን አነሳለሁ፣ ወደ ማታ አስቀምጣለሁ። በመሃል ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ቤት ስገባ ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ የጎረቤት በር ሲዘጋ ያንቋቋል። ባለቤቴ ስንዱ ቻይ ናት፤ አንድ ቀን ግን "አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ሥራ ሲፈታ አፍህ ሥራ አገኘ" አለችኝ። ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነት ስለሆነ ነው።

ከዚያ ኅዳር በፊት በነበረው ክረምት ስንዱ ልጆቹን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ለሦስት ቀን ኮን ሄደች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት የለም፣ ስልኬ ተዘግቷል። የማደርገው ባጣ ቤት ላስተካክል ብዬ ቁም ሳጥኑን ጎተት ሳደርግ ከጀርባው አንድ ያላለቀ ሰፌድ ወደቀ። ስንዱ የጀመረችው ነው። ስንዱ ባለሙያ ናት፤ ስፌት ላይ ግን ትዕግሥት የላትም። ያንን ሰፌድ የጀመረችው ትልቋ ልጃችን በተወለደች ሰሞን ነው። ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።

ወስፌው እንደተሰካ ነው። አብሮት አንድ እስር አክርማ፣ የሚሰፋበት ሣር፣ ውስጡን ከሚሞላው ሰንደዶ ጋር አለ። በኛ አገር ስፌት የሴት ነው። ወንድ ሸማ ይሠራል፣ ልብስ ይሰፋል፣ ድንጋይ ይጠርባል፤ አክርማ ከያዘ ግን የመንደር መቀለጃ ነው። ዙሪያዬን አየሁ። የሚያየኝ የለም። አክርማውን በውሃ አራስኩትና ወስፌውን አነሳሁ፤ በግራ እጄ።

እዚህ ላይ ስለዚህች እጅ ልናገር። ስፈጠር ግራኝ ነኝ። የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ግራ እጄ ሳትታዘዝ እየተነሳች አስቸገረች፤ ስለዚህ በእናቴ መቀነት ከወገቤ ጋር ታስራ ነበር የምማረው። ቤት ደግሞ በእሷ ከቆረስኩ እመታለሁ። አደግሁና በቀኜ የምበላ፣ በቀኜ የምጽፍ ሰው ሆንኩ። ስንዱ እንኳ ግራኝ መሆኔን አታውቅም፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ስፌትን ግን ማንም "በዚህ እጅ ያዝ" ብሎ አላስተማረኝም። ግራ እጄ ሳትጠየቅ ሄዳ ወስፌውን አነሳች።

በስንዱ ሰፌድ ላይ ልቀጥል ብል እምቢ አለኝ። የሷ ዙር ወደ አንድ በኩል፣ የኔ እጅ ወደ ሌላ በኩል ይጎትታል። አለማወቄ ነው ብዬ ተውኩትና የራሴን ከመሃል ጀመርኩ። ጥቂት ሰንደዶ ጠቅልዬ፣ በወስፌ በሳሁ፣ አክርማውን አሾለክሁ፣ ሳብኩ። የመጀመሪያው ዙር ድመት የተጫወተችበት ይመስል ነበር። ፈታሁት። ሁለተኛውንም ፈታሁት። አምስተኛው ላይ አክርማው ጥብቅ ብሎ ከጎኑ ካለው ጋር ገጠመና ቀጥ አለ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቀና ስል ዝናቡ አባርቷል፣ ምሳ አልበላሁም፣ ወገቤ ደርቋል። ያን ሁሉ ሰዓት በማንም አልተናደድኩም። በእጄ ላይ የብርጭቆ አፍ የምታክል ክብ ነገር አለች፤ ጠዋት በዓለም ላይ አልነበረችም። ተነስቼ ቤቱ ውስጥ ዞርኩ። ለማን ልንገር? ለማንም የሚነገር አልነበረም።

ስንዱ ከኮን ስትመለስ ክቧ ሳህን አክላ ነበር። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ግን ገና ልጆቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ አወጣሁና አሳየኋት። መጀመሪያ ክቧን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ከዚያ መሬት ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ተቀብላኝ ገለበጠቻት፣ በጥፍሯ ጫን ጫን አደረገቻት፣ "ኧረ ይሄ ከኔ ይጠብቃል" አለች። ያን ቀን ወጡ ጨው ይብዛበት አይብዛበት ትዝ አይለኝም።

ተስማማን። እኔ እሰፋለሁ፤ የሚያይ ካለ የስንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሆቴል የምሄደው በደስታ ሆነ። አንሶላ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አለን፤ መስኮቱ ወደ ሸለቆው ነው። እንግዳ በሌለበት ሰዓት እዚያ ገብቼ እሰፋለሁ። አያ ሞላ እየመጡ ያንኳኳሉ፤ እኔ አክርማውን ትራስ ውስጥ አስገብቼ "አንሶላ እየቆጠርኩ ነው" እላለሁ። ማንም የማይተኛባቸው ሃያ አራት አንሶላዎች በቀን አራት ጊዜ ይቆጠራሉ። አንድ ቀን አክርማ ሐምራዊ ቀለም ስነክር እጆቼ እስከ ክርናቸው ተነከሩ ማለት ይቻላል፤ አንድ የሆቴሉ ፎጣም አብሮ ሄደ። አያ ሞላ እጄን ሲያዩ "የማኅተም ቀለም ፈሶብኝ ነው" አልኳቸው። "አይ ማኅተም" ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ። አክርማ የሚሸጡ አንዲት ሴት ዘንድ ሄጄ "ባለቤቴ ልካኝ ነው" እላለሁ፤ ከዚያ ግን ራሴን ረስቼ እያንዳንዱን እስር ወደ ብርሃን አነሳለሁ፣ ባጎነብሰው ይሰበር እንደሆነ አያለሁ፣ አጭሩን እመልሳለሁ። ሴትየዋ ታዘቡኝ ታዘቡኝና "ምነው፣ ስትልክህ ዓይኗንም አብራ ላከችው እንዴ?" አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እስሩን ግን አልለቀቅኩም።

ሌላም ነገር መጣብኝ። ማየት ጀመርኩ። በመስከረም መጨረሻ ወደ አሸተን ማርያም ስወጣ የተልባ ማሳ አብቦ አየሁ። ያ መንገድ ሃያ ዓመት የሄድኩበት ነው፤ ተልባ እንዲህ ሰማያዊ እንደሚያብብ ግን አላውቅም ነበር፣ ማለት አይቼው አላየሁትም። መንገድ ላይ ቆሜ "ይሄንን ሰማያዊ ከየት ነው የማገኘው?" እያልኩ ሳስብ ከኋላዬ የሚመጡ ሰዎች ታምሜ መሰላቸውና ውሃ ሰጡኝ። ጠጥቼ አመሰገንኩ። በዚያን ቀን ተራራውን መውጣቴ አልታወቀኝም።

ነገሩ የተበላሸው በዚያው በመስከረም ነው። ስንዱ የማርያም ማኅበር አላት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ተራ በተራ ይደግሳሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለት ነው፣ እማሆይ ጽጌ ናቸው። ከመመንኮሳቸው በፊት በስፌት የታወቁ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። የዚያን ወር እማሆይ ሱባዔ ገብተው አልመጡም። ስንዱ ዳቦዋን እኔ ጀምሬ በጨረስኳት ሰፌድ ይዛ ሄደች። ሴቶቹ ዳቦውን ትተው ሰፌዱን ያዙ። "ማን ሰፋው?" ሲሏት "እኔ ነኛ" አለች።

ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የማኅበሩ መሶብ ከጽዋው ጋር ከተረኛ ወደ ተረኛ የሚዞር አሮጌ መሶብ ነው። ክዳኑን አይጥ በልቶታል። "ስንዱ እንዲህ የምትሰፋ ከሆነማ ክዳኑን እሷ ትሥራልን፤ ተራዋ ኅዳር ጽዮን አይደለም? ለዚያ ታድርስ" አሉ። ስንዱ እሺ አለች።

ቤት ስትገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። "በጽዋው ፊት ዋሸሁ" አለችኝ።

ማኅበር ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ገበያ ላይ ትንሽ ይዋሻል፣ ለጎረቤትም ይዋሻል፤ ጽዋው በተቀመጠበት ግን እንኳን ሊዋሽ ድምፅም ከፍ አይደረግም። እኔ ግን፣ ልክ እንደሆነው ልናገር፣ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የማኅበሩን ክዳን እሠራለሁ! ልቤ ዘለለ። ስንዱ "አሁኑኑ ሄደን ለእማሆይ እንንገር" ስትለኝ "ክዳኑ ይለቅና እንነግራቸዋለን" ብዬ ለመንኳት። አየችኝና "ለአንተ ደስታህ ነው የሚታይህ። የምዋሸው እኔ ነኝ" አለች። ቢሆንም በማግስቱ ሰንደዶ ገዛሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ያንን ክዳን ሰፋሁ። ሦስት ጊዜ እስከ ግማሽ ፈትቼዋለሁ። ዙሪያውን ሐምራዊና ቢጫ ጥልፍ አደረግሁለት፤ ወደ ጫፉ ደግሞ ያንን የተልባ ሰማያዊ አገባሁ። ቀለሙን ለማግኘት አራት ጊዜ ነክሬ አራት ጊዜ ጥያለሁ፤ አምስተኛው ላይ ሲሳካ በአንሶላው ክፍል ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። ስንዱ ግን የክዳኑ ነገር ሲነሳ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። በጥቅምቱ ማኅበር "እንዴት ይዞሻል?" ብለው ሲጠይቋት "እየደረሰ ነው" ብላ መጣች። እሱ እውነት ነው፤ ግን እሷን አላሳረፋትም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ቤታችን ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞ፣ ዳቦው መሶብ ውስጥ ሆኖ፣ አዲሱ ክዳን ላዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፣ ባረኩ። እኔ እንደ ደንቡ ዝቅ ብዬ ጠላ እቀዳለሁ፤ በቀኜ ነው የምቀዳው። ሴቶቹ ክዳኑን እያዩ "ይበል!" ይላሉ። አንዷ ሰማያዊውን አሳይታ "ይሄን ቀለም ከየት አመጣሽው?" አለቻት። ስንዱ "አይ…" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ በበኩሌ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ዝም ብዬ እየሳቅሁ ነበር። ሥራዬ እንዲህ ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው እንዳይሰማኝ ማሰሮ ውስጥ ገብቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

እማሆይ ጽጌ "እስቲ ለኔም አቀብሉኝ" አሉ።

ክዳኑን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጣታቸውን መሃሉ ላይ ጣል አድርገው ዙሩን ተከትለው ወደ ውጭ ሄዱ። ቀስ ብለው ነው። ግማሽ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ከመሃል ጀመሩ። እንደገና ቆሙ። ወሬው አንድ በአንድ ጠፋ።

"ስንዱ፣ ነይማ ልጄ" አሉ። መጣች። "የሴቶቻችን ዙር ወደዚህ ነው የሚሄድ። ይሄ ወደዚያ ነው የሄደው። ይሄን ግራኝ ነው የሰፋው። አንቺ ግራኝ አይደለሽም።"

ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ "ምናልባት አሠርታው ይሆናል" አለች። ሌላዋ ደግሞ "ታዲያ አሠራሁት ብትል ምን ነበረበት፤ እኔ ነኝ ከምትል" አለች። ክፉ ሴቶች አይደሉም፤ ግን ነገሩ ጽዋው ፊት ነው። ስንዱ አንገቷን ደፋች። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ሰው ፊት አንገቷን ስትደፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያስደፋኋትም እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ አመነታሁ። ለአፍታ ያህል አሰብኩ። ጓደኞቼን አሰብኩ፣ ጠጅ ቤቱን አሰብኩ፣ ከተማው ውስጥ ስሄድ ከኋላዬ የሚመጣውን ሳቅ አሰብኩ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

"እማሆይ፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት" አልኩ።

የጠበቅሁት ሳቅ ነበር። የመጣው ሌላ ነው፤ አላመኑኝም። ሁሉም በእዘኔታ አዩኝ። አንዷ "ባል እንዲህ ነው፤ ገበናን ይሸፍናል" አለች፤ ሌላዋ "ተባረክ" አለችኝ። የንስሐ አባታችን እንኳ "ለሚስትህ ብለህ አንተም አትዋሽ" ብለው ገሠጹኝ። አሁን በቤታችን ሁለት ውሸታም ሆነ። ስንዱ "እውነቱን ነው አባ፣ እውነቱን ነው" ስትል የሚሰማት ጠፋ።

መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ጓዳ ገብቼ የጀመርኩትን ሌላ ስፌት፣ የራሰውን አክርማና ወስፌውን አመጣሁ። በአሥራ ሁለት ሴቶችና በአንድ ቄስ መሃል ጉዝጓዙ ላይ ቁጭ አልኩ። ወስፌውን በግራ እጄ ያዝኩት። ልጅ ሆኜ ካሰሯት ወዲህ ያቺን እጅ ሰው ፊት ያወጣኋት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አክርማ ተበጠሰ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ስትሸፍን ሰማሁ።

ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። መብሳት፣ ማሾለክ፣ መሳብ። ዙሩን ስይዝ ላቤ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ፣ ለማመን ያስቸግራል፣ እነሱን ረሳኋቸው። እጄ በሚያውቀው ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። የሆነ ሰዓት ቀና ብል ሴቶቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው ዙሪያዬን ከበው አጎንብሰዋል። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ነው።

እማሆይ ሰው ይዟቸው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን በምትሰፋው እጄ ላይ ጣል አደረጉ። ላቆም ስል "ቀጥል" አሉኝ። እጃቸው ከእጄ ጋር ወጣ፣ ወረደ። የሚፈርዱብኝን እየጠበቅሁ ነበር።

"ስትስብ ወደ ራስህ አትሳበው፤ ወደ ጎን ሳበው" አሉ። "ለዚህ ነው ክዳኑ ጫፉ ላይ የላላብህ።"

ሌላ ምንም አላሉም። ስለ ወንድነቴ አልጠየቁም፣ ስለ ግራ እጄም አልጠየቁም። ስህተቴን ብቻ ነገሩኝ፤ ለሰፊ እንደሚነገረው አድርገው ነገሩኝ። ወደ ጎን ሳብኩት። ጥብቅ አለ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርም፣ መጣ።

ስንዱ ተንበርክካ "በጽዋው ፊት ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ" አለች። የንስሐ አባታችን ለብቻዋ የሚነግሯትን ነገሯት። የማኅበሩን መቀጫ ግን እማሆይ ሴቶቹ እንዲፈርዱ ተዉላቸው፤ ያን ጊዜ ነው ቤቱ በሳቅ የሞላው። ብዙ ሐሳብ ቀረበ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት ፍርድ ይህ ነው። መሶቡ በቀኝ የዞረ ነው፣ ክዳኑ በግራ የዞረ ነው፤ ጀርባ የተሰጣጡ ነገሮች በአንድ ቤት አያድሩም። ስለዚህ ባልየው ለክዳኑ የሚስማማ መሶብ፣ በግራ የዞረ፣ ለግንቦት ልደታ ሰፍቶ ያስረክብ። ሚስትየዋ ትዕግሥት እንድትማር አጠገቡ ቁጭ ብላ አክርማ ትሰንጥቅለት። ስንዱ እንባዋን እየጠረገች "ይሄስ መቀጫ አይደለም፣ ግዞት ነው" አለች። በሁለት ወር ውስጥ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሆቴል ደረሰ። በማግስቱ በሩ ላይ አያ ሞላ ቆመው "እንደምን አደሩ፣ እትዬ" አሉኝ። ቻልኩት። ለሁለት ሳምንት ያህል ጓደኞቼም "ቀሚሴ ተቀዷል፣ ስፋልኝ" እያሉ ተጫወቱብኝ። እንደፈራሁት ነበር፤ እንደፈራሁት ግን አላመመኝም። አንድ ቀን አያ ሞላ ብቻቸውን መጡና ለልጃቸው ሠርግ አንዲት ሙዳይ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ሄድ ብለው ተመለሱና "ማኅተማችን ሰማያዊ ነው፤ ሐምራዊ ሆኖ አያውቅም" አሉኝ። ለካ ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። የሆቴሉ ባለቤት ድንገት ሲመጡ እንዳልያዝ ብለው ነው ቀድመው እየመጡ ያንኳኩልኝ የነበረው።

መሶቡን ለግንቦት ልደታ አደረስኩ። አሁን በግልጽ፣ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነው የምሰፋው። እንግዳ ሲመጣ ወስፌዬን ሰክቼ "እንኳን ደህና መጡ" እላለሁ፤ ያገር ሰውም ሆነ ፈረንጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለያዝኩት ነገር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሥራዬን ይዤ እማሆይ ጽጌ ዘንድ እሄዳለሁ። ጣታቸውን ያዞራሉ፣ የላላው ላይ ይቆማሉ። አንድም ቀን "ጎበዝ" ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም እንዳይሉኝ እፈልጋለሁ፣ ካሉኝ የምሄድበት ምክንያት ሊጠፋ ነው።

የስንዱ ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ያሳስበኝ ነበር። ይቅር ብላኛለች፤ አክርማውንም እያጉረመረመች ትሰነጥቃለች። ሰው ፊት ግን የክዳኑ ወሬ ሲነሳ ነገር የምታስቀይር ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ማኅበሩ እንደገና እኛ ቤት ነበር። ከወልድያ የመጣች አንዲት እንግዳ ሴት መሶቡን ከነክዳኑ ዞራ ዞራ አየችና "የማን እጅ ነው?" ብላ ጠየቀች። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነው። ሴቶቹ ወደ ስንዱ ዞሩ፤ እኔ ግን ወደ መሬት አየሁ።

ስንዱ በጽዋው ፊት ቀጥ ብላ ቆማ "የባሌ ነው" አለች። "ባሌ ግራኝ ነው፤ እሱ ነው የሰፋው።"

ጠላው ከብርጭቆው አልፎ ፈሰሰ።